የተቆረጠው ሦስተኛ እግር

በአደጋ ሪፖርት ቅጽ ላይ «የአደጋው ምክንያት» የሚል አንድ መስመር አለ። አንድ ብቻ፤ ርዝመቱ ከስንዝር አይበልጥም። እዚያ ላይ «የሠራተኛው የጥንቃቄ ጉድለት» ብሎ ለመጻፍ ዕውቀትም ድፍረትም አይጠይቅም፤ እስክሪብቶ ካለ ይበቃል። ስንቱ ሰው ጣቱን፣ ዓይኑን፣ ወገቡን ሥራ ላይ ጥሎ በዚያች ስንዝር ጥፋተኛ ተብሎ እንደተሸኘ የቆጠረ የለም። እኔ የምጽፈው በዚያ መስመር ላይ ሌላ ነገር ስለጻፈች አንዲት ሴት ነው። ጻድቅ ስለነበረች አይደለም። ጻድቅማ አልነበረችም፤ እሱንም አልደብቅም።

ሐኪሟ እንላታለን። ሕክምና ተምራ አይደለም። በአንድ የሊፍት ጥገና ድርጅት ምድር ቤት፣ ኤሌክትሮኒክስ ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፓወር ሰፕላይ ስትጠግን የኖረች ናት። ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ወፍራም፣ የመነጽሯ አንድ ጆሮ በቀጭን ሽቦ የተጠገነ። ካቻቢቴ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ትረሳና እንደዚያው አውቶቡስ ትሳፈራለች፤ አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ፈቀቅ፣ ፈቀቅ ሲልባት ነው ትዝ የሚላት። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ተቀምጣለች። የቀረውን ራሷ ከመጽሐፍ፣ ከተቃጠለ ቦርድና ከስድብ ነው የተማረችው።

ክፍላችን አምስት ጠረጴዛ አለው። መስኮቶቹ ከጣሪያው ሥር ስለሆኑ የሚታየን የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። ሰውን በጫማው ለይተን እናውቃለን፤ የአለቃችን ሹል ጫማ ብቅ ሲል ተኝቶ የነበረው ሁሉ ሥራ ይበዛበታል። አለቃችንን ከጀርባው «ማኅተም» ነው የምንለው፤ ያገኘውን ሁሉ በክርና በሰም የሚያሽግ ሰው ነው። አንዴ የሻይ ስኳር አሽጓል። ቀልድ አይደለም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ሥራችን ትንሽ ልበል፤ ቶሎ እጨርሳለሁ። ፓወር ሰፕላይ ማለት ከግድግዳ የሚመጣውን ኮረንቲ ተቀብሎ፣ በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እያበራ እያጠፋ ቆራርጦ፣ ለሊፍቱ ቦርድ በሚስማማው መጠን የሚያቀብል ሣጥን ነው። ሲታመም የት ላይ እንደታመመ የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ነው፤ የኮረንቲውን አካሄድ በስክሪን ላይ ሥሎ ያሳያል። መለኪያ ገመዱ ሁለት አፍ አለው፦ አንዱ ሹል ጫፍ፣ ሌላው የአዞ አፍ የመሰለ መቆንጠጫ። አዞው ከኦሲሎስኮፑ የብረት አካል ጋር የተያያዘ ነው፤ የብረት አካሉ ደግሞ በስፒናው ሦስተኛ እግር በኩል ከመሬት ጋር።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። የፓወር ሰፕላዩ አንደኛው ወገን ከመሬት ጋር አይተዋወቅም። የራሱ የሆነ ዜሮ አለው፤ ያ ዜሮ ግን ከመሬት ሲለካ እስከ ሦስት መቶ ቮልት የሚወዛወዝ ዜሮ ነው። አዞውን እዚያ ላይ ካስነከስከው ያን ሁሉ ቮልት ከመሬት ጋር በግድ አጋባኸው ማለት ነው። ድው ይላል። ብሬከሩ ይወድቃል፤ የምትጠግነው ሣጥን ከበፊቱ ብሶበት ቁጭ ይላል።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በአንድ ጠዋት ሦስት ጊዜ ድው አለ። ማኅተም እየተንደረደረ ወረደ። ላይ ፎቅ ኮምፒውተሩ ሁሉ እየጠፋ እንደሆነ፣ አንድ ጊዜ ቢደገም ደብዳቤ እንደሚጽፍ፣ እንዴት እንደምንለካ እንደማያገባውና ብሬከሩ ግን ዳግመኛ መውደቅ እንደሌለበት ተናግሮ ወጣ። እሷ ፒንሳዋን አነሳች፣ የኦሲሎስኮፗን ስፒና ነቀለች፣ ሦስተኛውን እግር ቆረጠችው። መልሳ ሰካችው። አዞውን አስነከሰች። ድው የለም። ስክሪኑ ላይ እስከዚያ ቀን አይተነው የማናውቀው ማዕበል ቁልጭ ብሎ ወጣ። ከጠረጴዛው ተነሥተን ከበብናት። አንዱ «ቀዶ ጥገናው የተዋጣለት ነበር፤ በሽተኛውም ነፍስ ዘርቷል» አለ። ሐኪሟ የተባለችው የዚያን ዕለት ነው።

በዓመቱ አምስቱም ኦሲሎስኮፖች ሁለት እግር ብቻ ቀራቸው። አዲስ ሲመጣም ማሸጊያው ሳይነሣ «ይኼኛውስ መቼ ነው የሚገረዘው?» እያልን እንሳሳቅ ነበር። እኔም ቆርጫለሁ፤ ሁለት ስፒና፣ በገዛ ፒንሳዬ። ማንም አላስገደደኝም።

እግሩ ሲቆረጥ ሦስት መቶው ቮልት የትም አልሄደም። መጥቶ በኦሲሎስኮፑ የብረት አካል ላይ ተቀመጠ። ውሻው መጮኹን ተወ እንጂ አልሞተም። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ስለዚህ ሕግ አወጣን፦ ስትለካ ግራ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት። አንድ እጅህ ብቻ ከነካ ኮረንቲው መውጫ አጥቶ ቆንጥጦ ይተውሃል፤ ሁለተኛው እጅህ ሌላ ብረት ከነካ ግን በደረትህ በኩል አቋርጦ ያልፋል። ስለዚህ አምስት ሰዎች አንዳንድ እጃችንን ኪሳችን ውስጥ ከትተን እንሠራ ነበር። በመስኮት ጎንበስ ብሎ ያየን ሰው አውቶቡስ የሚጠብቁ ሥራ ፈቶች ይመስሉት ነበር። በዚህ ኩራት ይሰማን ነበር ብላችሁ ታምናላችሁ? ይሰማን ነበር። ሞትን በኪሳችን አስረን መዋል የሙያ ምልክት መስሎን።

እሷ ከሁላችን በፊት ነቃች። በአምስተኛው ዓመት አንድ የቆየ የመለኪያ መሣሪያ መመሪያ ከየትም አግኝታ፣ ከመዝገበ ቃላት ጋር እያፋጠጠች ቤቷ ሁለት ወር አነበበችው። ዲፈረንሻል ፕሮብ የሚባል ነገር እንዳለ ከዚያ ነው ያወቀችው። ባለ ሁለት ገመድ ነው፤ አንዱም ገመድ ከመሬት ጋር አልተጣበቀም። ሁለቱ ጫፎች የነኳቸውን ሁለት ነጥቦች አስተያይቶ ልዩነታቸውን ብቻ ለኦሲሎስኮፑ ይነግረዋል። ስታስረዳን እንዲህ አለች፦ አራተኛ ፎቅ ላይ የቆሙ ሁለት ሰዎች ማንኛቸው እንደሚረዝሙ ለማወቅ እዚያው ጎን ለጎን ታቆማቸዋለህ፤ እኛ ግን አንዱን በመስኮት ወደ መሬት እየወረወርን ነው ስንለካ የኖርነው። ሳቅን። እሷ አልሳቀችም።

አመለከተች። በዓመት ተመንፈቅ ፕሮቡ ተገዝቶ መጣ፤ ጥቁር ሣጥን፣ አንድ ቀይ አንድ ጥቁር ገመድ ያለው። ማኅተም ሣጥኑን ታቅፎ ወረደና ማን እንደሚፈርምለት ጠየቀ። የፈረመ ሰው ቢሰበር ተጠያቂ ነው፤ ቢጠፋም ተጠያቂ ነው፤ ቢያረጅም እንደዚያው። ልትፈርም እጇን ዘረጋች፤ ዋስ አምጪ አላት። የሥራ መሣሪያ ለመንካት ዋስ። በመጨረሻ ፕሮቡ ቢሮው ውስጥ ካለው የብረት ካቢኔት ገባ፤ በሩም በክርና በሰም ታሸገ። አራት ዓመት እዚያ ተቀመጠ። በየዓመቱ የንብረት ቆጠራ ሲደርስ ይከፈትና «አንድ፣ በመልካም ሁኔታ ላይ የሚገኝ» ተብሎ ተጽፎ መልሶ ይታሸጋል። በመልካም ሁኔታ ላይ! ያልተነካ ነገርማ ምን ይሆናል? የምንነካው እኛ ነን እንጂ በመልካም ሁኔታ ላይ ያልነበርነው።

አሁን የእሷን ጥፋት ልናገር። በእነዚያ አራት ዓመታት ፕሮቡ ባይፈቀድ እንኳ አምስት ስፒና መቀየር ትችል ነበር። ስፒና እቃ ቤት ሞልቷል። ብሬከሩ ይወድቃል፣ ማኅተም ይጮኻል፣ ይጩኻ። አላደረገችም። ኋላ ለምን ብዬ ስጠይቃት ዓይኗን ከቦርዱ ሳታነሳ መለሰችልኝ።

«ሐኪሟ እያላችሁ ስታከብሩኝ፣ ያስተማርኳችሁ መሞቻችሁን ነው ልበላችሁ? አፌ እንቢ አለኝ። ፕሮቡ ሲወጣ በዚያው አርመዋለሁ እያልኩ አራት ዓመት ራሴን አታለልኩ።»

ቀጮ የምንለው ልጅ ከእሷ ቀጥሎ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነበር የሚሠራው። ልጅ እላለሁ እንጂ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሚስትና የአንድ ዓመት ሴት ልጅ አለው። ስስ ሰው፤ ነፋስ ሲነፍስ «ቀጮን አንድ ነገር ጫኑበት» እንባባል ነበር። እጁ ግን የሰዓት ሠሪ እጅ ነው። ጨዋታ አዋቂ ነው። ሐኪሟን «እትዬ» ብሎ ነው የሚጠራት፤ የመለካትን ጥበብ ያስተማረችው እሷ ናት። ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ እንዲከት ያስተማረችውም እሷው።

አደጋው የደረሰው ሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። አንድ ሕንፃ ላይ ሊፍት ዘጠነኛ ፎቅ ሲደርስ ቆሞ ሰባት ሰው ውስጥ ታግቷል። ትርፍ ሆኖ የተቀመጠው ፓወር ሰፕላይ ቀጮ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ነበር፤ አንድ ልኬት ብቻ ነው የቀረው። ስልኩ አያቋርጥም። ማኅተም ወርዶ ራስጌው ቆመ፤ በየሴኮንዱ አልደረሰም ወይ፣ አልደረሰም ወይ ይላል። ቀጮ ቀኝ እጁ ጫፉን ይዟል፤ ግራው እንደ ወትሮው ኪሱ ውስጥ ነው። ማኅተም ያችን እጅ አያት።

«አንተ ሰውዬ፣ ሰባት ሰው ታፍኖ እጅህን ኪስህ ከተህ ነው የምትሠራው? አውጣት!»

እኔ ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ፤ ሰምቻለሁ። ሐኪሟም ሰምታለች፤ ቀና አለች። ቀጮ አፈረ። ሰነፍ መባል አይወድም። እጁን አወጣ። ያወጣትን እጅ የት እንደሚያደርጋት አላወቀም፤ ለዓመታት ኪስ የለመደች እጅ ናት። ከጠረጴዛው ጀርባ በሚያልፈው የውኃ ቧንቧ ላይ አሳረፋት። በዚያው ቅጽበት ቀኝ እጁ የኦሲሎስኮፑን የብረት ጎን ነካ።

ጩኸት አልነበረም። ጥርሱን ነክሶ ቀጥ ብሎ ቀረ፤ ጠረጴዛው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሐኪሟ ወንበሯን ገልብጣ ሮጣ ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ በክርኗ መታችው። መብራቱ ጠፋ፤ በድንግዝግዙ ውስጥ ሲወድቅ ሰማነው። ማኅተም ያኔ ያለው የመጀመሪያ ቃል «ፓወር ሰፕላዩስ?» ነው። ወላ ሐሰት የለበትም፤ ጆሮዬ ነው የሰማው።

ነፍሱ ተረፈች። ልቡ ወደ ሆስፒታል ሲወሰድ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ተወላግዳ ተመልሳለች አሉን። የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች ግን ከመገጣጠሚያቸው ጀምሮ አልተረፉም። የሰዓት ሠሪ እጅ ነበር ብያችኋለሁ።

በሳምንቱ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ማን ሊሆን ነው? ማኅተም። ሁለተኛዋ የአስተዳደር ኃላፊዋ፤ ጸጥ ያለች፣ የምታየውን ሁሉ የምትጽፍ ሴት። በደንቡ መሠረት ሦስተኛው የሙያው ሰው መሆን አለበት፤ ያለ ሦስቱ ፊርማ ሪፖርቱ አይጸናም። ሐኪሟ ተመረጠች። ነገሩ ለሁላችንም ግልጽ ነበር። መስመሩ ላይ «የሠራተኛው የጥንቃቄ ጉድለት» ከተጻፈ ቀጮ በሦስት ጣት ጉድለት ከሥራ ይሰናበታል፤ ሕክምናውም በራሱ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ሌላ ነገር ከተጻፈ ድርጅቱ ያሳክመዋል፣ እጁ የሚችለውንም ሥራ ይሰጠዋል። የአንድ ቤተሰብ ኑሮ በዚያች ስንዝር ላይ ተንጠልጥሏል።

ማኅተም ቢሮው አስጠራት። በሃያ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ሳበላት፤ ወንበሩን ሳየው ነው ነገሩ የገባኝ ብላናለች። ቅጹ ተሞልቶ ቀርቧል፤ የጎደለው የእሷ ፊርማ ነው። ስፒናው መቆረጡን መጻፍ አለብን ስትለው ድምፁን አለሳልሶ መከራት።

«ተቆርጧል ካልን ‹ማን ቆረጠው› የሚል ይመጣል። ማን እንደቆረጠው እኔም አንቺም እናውቃለን። ያንቺን ስም ማንሣት አልፈልግም፤ እህቴ ነሽ።»

አያችሁ አባባሉን። እህቴ ነሽ። ቢላውን በማር ቀብቶ አንገት ላይ ማሳረፍ ይሏል ይህ ነው።

የምትኖረው ከታናሽ እህቷ ጋር ነው፤ ከዳቦ ቤት በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ። እህቷ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ኮሌታ ትሰፋለች፤ ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ብቻ፤ እጅጌ ሰፍታ አታውቅም። የዚያን ዕለት ማታ ራት ላይ የተባባሉትን ሐኪሟ ራሷ ነግራኛለች። እህቷ መጀመሪያ በደንብ አዳመጠቻት። ከዚያ ሰውየው ይሞታል ወይ ብላ ጠየቀች። አይሞትም። እንግዲያው አንቺ የምትሞቺበት ምክንያት አይታየኝም አለች። የሁሉንም ኃጢአት ተሸክመሽ ስትወጪ አብረውሽ የቆረጡት እነዚያ ሦስት ጎረምሶች በር ድረስ እንኳ አይሸኙሽም አለች።

ስለ እኛ ነው የተናገረችው። አይታን አታውቅም። እንዴት እንዳወቀችን አላውቅም።

በማግሥቱ ሐኪሟ ሆስፒታል ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ቀጮ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ የሕፃን ራስ አክሏል። ሚስቱ እግርጌው ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች። ሐኪሟን ሲያይ ለመሣቅ ሞከረ፤ እትዬ፣ ከእንግዲህ ሰላምታ በግራ ነው አላት። ከዚያ ማኅተም ሰው ልኮበት እንደነበር ነገረን፤ መልእክቱም ጉዳዩ በሰላም እንዲያልቅ ነው። ቀጥሎ ያለው ነገር ነው እሷን ያቃጠላት።

«እትዬ፣ እንዳትጣዪ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ፈርሚ። እጄን ከኪሴ ማውጣት አልነበረብኝም።»

ተመልከቱልኝ። ሦስት ጣቱን ያጣ ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ፣ እጁን ኪሱ ካልከተተ በሚገድል መሣሪያ ያሠሩትን ትቶ፣ እጁን በማውጣቱ ይቅርታ ይጠይቃል። አሥራ አንድ ዓመት ያስተማርነው ሃይማኖት ይህ ነው። ሐኪሟ ከአልጋው ጫፍ ተነሥታ ቆመች፤ መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች። ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ ግድግዳውን በመዳፏ መታችው፤ ሁለት ነርሶች ዞር ብለው አዩን።

ማክሰኞ ጠዋት ኮሚቴው ሲሰበሰብ ፊርማ ከመፈረሟ በፊት ወርደው ቦታውን እንዲያዩ ጠየቀች። ማኅተም ጊዜ የለም አለ። የአስተዳደሯ ሴት ግን ደብተሯን ይዛ ተነሣች። ምድር ቤት ሲደርሱ ሐኪሟ ካቢኔት ውስጥ ያለው ዲፈረንሻል ፕሮብ እንዲመጣላት ጠየቀች። ማኅተም የቆጠራ ጊዜ ሳይደርስ እሽግ አይፈታም አለ። የአስተዳደሯ ሴት እሱ ደግሞ ምን የሚሠራ ዕቃ ነው ብላ ጠየቀች፤ ስፒና ሳይቆረጥ የሚለካበት ነው ተባለች። ከተገዛ ስንት ጊዜው ነው? አራት ዓመት። ደብተሯ ላይ ጻፈች። ከዚያ «ከፍተው ያምጡልን እስቲ» አለች፤ በትሕትና፣ እንደ ሻይ ማዘዝ። ማኅተም በገዛ እጁ ሰሙን ሰብሮ፣ ሣጥኑን ታቅፎ ወረደ።

ሐኪሟ የራሷን ኦሲሎስኮፕ አዲስ ባለ ሦስት እግር ስፒና ቀድማ አልብሳው ነበር። የፕሮቡን ሁለት ገመዶች እርስ በርስ ጠመዘዘቻቸው፤ እንዲህ ካልሆነ በየአየሩ ያለውን ጫጫታ እየለቀሙ ያመጣሉ። ከዚያ ቀዩንም ጥቁሩንም ጫፍ አንድ ነጥብ ላይ አደረገች። ልዩነት የሌለበት ቦታ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ተጋደመ። የአስተዳደሯ ሴት ይህ ለምን እንደሚጠቅም ጠየቀቻት። መሣሪያው ስንት እንደሚዋሽ ሳላውቅ የሌላውን እውነት በእሱ አልለካም አለች፤ ስትናገር የምታየው ማኅተምን ነው።

ከዚያ የቀጮን ኦሲሎስኮፕ፣ ያንኑ እግረ ቆራጣውን፣ እንደዚያ ዕለቱ ከፓወር ሰፕላዩ ጋር አያይዛ አበራችው። ቀዩን ጫፍ ቀጮ በነካው የብረት ጎን ላይ፣ ጥቁሩን በውኃ ቧንቧው ላይ አሳረፈች። ስክሪኑ ላይ የነበረው ቀጥ ያለ መስመር ተነሥቶ ተወረወረ፤ ከሦስት መቶ ቮልት የሚያልፍ ማዕበል፣ ሳይደክመው እየመጣ እየተመለሰ። ጠረጴዛውን ተደግፋ የነበረችው የአስተዳደር ሴት ክንዷን ቀስ ብላ ሰበሰበች። ማኅተም ሁለት እጆቹን ሱሪው ኪስ ውስጥ ከትቶ ቆሟል።

«ጋሼ፣» አለችው ሐኪሟ፣ «እጅዎን ከኪስዎ ያውጡና ይንኩት።»

አላወጣም።

«ቀጮን ያሉት ይህንኑ ነው።»

ቅጹን ከእጁ ወስዳ፣ የተሞላውን በአንድ ጭረት ሰርዛ፣ ቆማ ጻፈች። መስመሩ ስላልበቃት ወደ ኅዳጉ፣ ከኅዳጉ ወደ ታች ወረደች። ቃሉን እንዳለ አስቀምጣለሁ፤ በኋላ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። «የኦሲሎስኮፑ ስፒና ሦስተኛ እግር ተቆርጧል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ቆርጬ ያስጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ሌሎችም እንዲቆርጡ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ አደገኛ መሆኑን ካወቅሁ በኋላም አራት ዓመት ዝም ብያለሁ። ሳይቆረጥ የሚለካበት መሣሪያ ተገዝቶ በማኅተም ተዘግቶበታል። በአደጋው ሰዓት ሠራተኛው እጁን ኪሱ ውስጥ አድርጎ ራሱን ይጠብቅ ነበር፤ እንዲያወጣ ያዘዘው የክፍሉ ኃላፊ ነው።» ፈረመች።

የአስተዳደሯ ሴት አንብባ ስትጨርስ ወደ እኛ ዞረች። ሦስት ነን፤ በእያንዳንዳችን ጠረጴዛ ሥር የተቆረጠ ስፒና አለ። እነዚህንስ ማን ቆረጣቸው ብላ ጠየቀች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ እንኳ አልነበረም።

አንዱ ካቻቢቴውን ያጸዳል። አንዱ ጎሮሮውን ጠረገ፤ ሊናገር ነው ስንል ሳል ሆኖ ቀረ። እኔ መስኮቱን አየሁ፤ የሴት ጫማ አለፈ፣ ቀጥሎ የወታደር ጫማ የመሰለ ነገር፣ ቀጥሎ ምንም። ሐኪሟ ወደ አንዳችንም አላየችም። ብታየን ኖሮ እናገር ነበር እያልኩ ራሴን ሳጽናና ከርሜያለሁ። ውሸት ነው። አልናገርም ነበር።

በወሩ ደብዳቤው ወጣ። ከባድ ጥፋት በራሷ እጅ ስላመነች ከቴክኒሻንነቷ ተነሥታ የሊፍት ገመድ ከሚቀቡት ጋር እንድትሠራ ተመደበች። በአርባ ስድስት ዓመቷ፣ በዚያ ወገብ፣ የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ እየወረደች ግራሶ ትቀባለች። ማኅተም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው፤ አለቃ ነው እስከ ዛሬ። ፕሮቡ ያለ ሰም ጠረጴዛ ላይ ወጣ። አምስቱን ስፒናዎች ለመቀየር ስንት ጊዜ እንደፈጀብን ታውቃላችሁ? ከምሳ መልስ ጀምረን ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ጨረስን። አሥራ አንድ ዓመት ያላደረግነውን። ስንጨርስ አንዱ ሊቀልድ ጀምሮ ነበር፤ የሳቀለት አልነበረም።

በክፍላችን የመጨረሻ የሥራ ቀኗ ላይ ዕቃዋን በካርቶን ስታስር ማገዝ ፈለግሁ። ተወው፣ ከባድ አይደለም አለችኝ። በር ድረስ አልሸኘኋትም። እህቷ ያለችው ደረሰ።

ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ዘበኛው ሰው ይፈልግሃል ብሎ ጠራኝ። የቀጮ ሚስት ናት፤ ልጇን አዝላ በር ላይ ቆማለች። የሪፖርቱ ቅጂ ደርሷቸዋል። ሕክምናው እንደሚቀጥል፣ እጁ ሲድን ዕቃ ቤት ሥራ እንደሚሰጠው ነገረችኝ፤ ለማመስገን የመጣች መስሎኝ ነበር። ወረቀቱን ዘረጋችና ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አደረገች።

«ወንድሜ፣ ይኼ ‹ሌሎችም› የሚለው እናንተን ነው?»

አዎ አልኳት።

«ስማችሁ ታዲያ የት ነው?»

ወረቀቱ ላይ ከላይ እስከ ታች ፈለገች። ቀስ ብላ ነው የምታነበው፤ አንድም ቃል አትዘልም። የሐኪሟን ስም አገኘች፤ የባሏን አገኘች። ከዚያ ገልብጣ ጀርባውን አየች። ባዶ ነበር። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ልጇን ከጀርባዋ ከፍ አድርጋ አስተካከለችና ደህና ዋል ሳትለኝ ሄደች።